ትኩረት የሚሻው የተሳቢ ተሽከርካሪዎች የጎማ ሞዞ ዘይት

የትራንስፖርት ዘርፍ ለአንድ አገር ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ዕድገት ያለው ድርሻ ከፍተኛ መሆኑ ይታወቃል። የባሕር በር በሌላት ኢትዮጵያ ደግሞ የዘርፉ ፋይዳ ይበልጥ የጎላ ነው። ከአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጂቡቲ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ የንግድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህም የጭነቱ አብላጫ ክፍል የሚጓጓዘው ተሳቢ በሚጎትቱ ከባድ ተሽከርካሪዎች ነው።

ለመኸር እርሻ በወቅቱ መድረስ ያለበት ማዳበሪያ፣ ለተቸገሩ ወገኖች የሚላክ የእርዳታ እህል፣ ለከተሞችና ለፋብሪካዎች የሚያስፈልግ ነዳጅ በዚሁ መስመር ይመላለሳል። ተሽከርካሪዎቹ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ከምትገኘው አዲስ አበባ ተነሥተው በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል እስከ ባሕር ጠረፍ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ረጅሙን ቁልቁለት፣ አቧራውንና የአፋርን ቆላ ሙቀት መቋቋም ይጠበቅባቸዋል።

የዚህ ሁሉ ጭነት ክብደት በመጨረሻ የሚያርፈው በእያንዳንዱ ጎማ መካከል በሚገኙ ሁለት ኩሽኔቶች ላይ ነው። ኩሽኔቶቹን ከመቃጠል የሚጠብቃቸው ደግሞ በብዙ ተሳቢዎች ላይ አንድ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ዘይት ነው። ይህ ዘይት መጉደሉን አስቀድሞ የሚያሳይ ምልክት ያለው ቢሆንም፣ ምልክቱን የሚያይ፣ ያየውን የሚመዘግብና በተመዘገበው መሠረት ውሳኔ የሚሰጥ ከሌለ በጥቂት ገንዘብ ሊወገድ የሚችል ብልሽት የሰው ሕይወትና የአገር ንብረት ወደሚያጠፋ አደጋ ይሸጋገራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በዘይት የሚለሰልሱ የተሳቢ ሞዞዎች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ብልሽታቸው እንዴት እንደሚለይና ተሽከርካሪ የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ማስገንዘብ ነው።

የሞዞ አሠራር

በመካኒኮች ዘንድ ሞዞ እየተባለ የሚጠራው ቸርኬውና የፍሬን ታምቡሩ የሚታሰሩበት፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር አካል ነው። የተሳቢው አክስል ጫፍ ራሱ አይሽከረከርም። በማይሽከረከረው የአክስል ጫፍና በሚሽከረከረው ሞዞ መካከል በውስጥና በውጭ በኩል አንዳንድ ባለ ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔት ይገኛል። ሞዞው በውስጥ በኩል፣ ማለትም በፍሬኑ አቅጣጫ፣ በተለምዶ ኦይል ሲል በሚባለው የዘይት መከላከያ ቀለበት የታሸገ ሲሆን፣ በውጭ በኩል በሞዞ ክዳን ይዘጋል።

የተሳቢ ሞዞዎች በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይለሰልሳሉ። የመጀመሪያው ግራሶ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዘይት ነው። ግራሶ በተቀባበት ቦታ የሚቆይ በመሆኑ ቶሎ አይፈስም። ሆኖም ሞዞው ሳይከፈት የውስጡን ሁኔታ ማወቅ አይቻልም። ዘይት በአንጻሩ ጎማው ሲሽከረከር በሮለሮቹ ላይ እየተሸከመ ስለሚያልፍ ሁሉንም ክፍሎች ያዳርሳል፤ ሙቀትንም ከኩሽኔቱ ወደ ሞዞው አካል ያስተላልፋል። ከሁሉም በላይ በዘይት የሚሠራ ሞዞ በክዳኑ ላይ ብርሃን የሚያስተላልፍ መስኮትና የዘይቱን መጠን የሚያመለክት መስመር ስላለው ሹፌሩም ሆነ ረዳቱ ያለ ምንም መሣሪያ ሁኔታውን ሊያይ ይችላል።

ይህ ጠቀሜታ ግን ከአንድ ድክመት ጋር የተያያዘ ነው። የዘይት መከላከያው ከተበላሸ ግራሶ ቀስ በቀስ ሲወጣ፣ ዘይት ግን በአጭር ጊዜ ፈስሶ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ በዘይት የሚሠራ ሞዞ የተገጠመለት ተሳቢ ያለው ድርጅት ከሌሎች ይበልጥ ያልተቋረጠ ክትትል ማድረግ ይኖርበታል። ተሳቢዎቹን በተለያየ ጊዜና ከተለያዩ አምራቾች የገዛ መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ዓይነት ጎን ለጎን ሊይዝ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ተግባር የትኛው ተሳቢ በዘይት፣ የትኛው በግራሶ እንደሚሠራ በዝርዝር መመዝገብ ነው። በግራሶ እንዲሠራ የተዘጋጀ ሞዞ ላይ ዘይት መጨመር፣ በዘይት በሚሠራው ላይ ደግሞ ግራሶ መሙላት ሁለቱንም ለጉዳት የሚዳርግ ስሕተት ነው።

ከጉዞ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ከጉዞ በፊት የሚደረገው ምርመራ ለእያንዳንዱ ጎማ ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ የሚወስድ ነው። ተሳቢው በደልዳላ ቦታ ከቆመና ዘይቱ ከረጋ በኋላ መስኮቱ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ የዘይቱ መጠን ከመስመሩ ጋር ይነጻጸራል። ተሽከርካሪው በአንድ ጎን ካዘነበለ የሚታየው መጠን ትክክለኛውን አያሳይም።

በዚህ ረገድ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ ያገለገለ መስኮት ዘይቱ በቆየበት ከፍታ ልክ ቀለም ይይዛል። በመሆኑም ሞዞው ባዶ ሆኖ ሳለ መስኮቱ ላይ የቀረው የቀለም መስመር ዘይት ያለ ሊያስመስል ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ሞዞው ከቀዘቀዘ በኋላ በክዳኑ መካከል ያለውን የጎማ መክደኛ ነቅሎ በንጹሕ ጣት ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ያረጀና ማየት የማያስችል መስኮት በአዲስ መተካት ይኖርበታል። የማይታይበት መስኮት ከሌለ መስኮት አይሻልምና።

ዘይቱ ጎድሎ ከተገኘ የሚጨመረው አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ብቻ መሆን አለበት። ለዚህ አገልግሎት በስፋት የሚውለው 80 ደብልዩ 90 ወይም 75 ደብልዩ 90 የሚባለው የማርሽ ዘይት ነው። የተለያየ ዓይነት ዘይት ማደባለቅ፣ እንዲሁም ያገለገለ የሞተር ዘይት መጨመር የተከለከለ ሊሆን ይገባል። አዲስ የተጨመረው ዘይት በውጭው ኩሽኔት በኩል አልፎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ እስከ መስመሩ ከተሞላ በኋላ ጥቂት ደቂቃዎች ጠብቆ እንደገና ማየትና የጎደለውን ማሟላት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ጥገና ተደርጎለት የወጣ ሞዞ በመጀመሪያው ጉዞ የሚቃጠለው ይህ ሁለተኛው ሙሌት በመዘንጋቱ ነው።

ከመስመሩ በላይ መሙላትም ጥቅም የለውም። ሞዞው ሲሞቅ ዘይቱ ይሰፋና በመተንፈሻው በኩል ይወጣል፤ ይህም ዘይት መከላከያው የተበላሸ እየመሰለ ለአላስፈላጊ ጥገና ይዳርጋል።

መታወስ ያለበት ዋናው ቁም ነገር ዘይት መጨመር ጥገና አለመሆኑ ነው። ሞዞ የተዘጋ አካል በመሆኑ ዘይቱ ያለ ምክንያት አይጎድልም። በየጉዞው ዘይት የሚጨመርለት ሞዞ የሚያፈስ ሞዞ ነው። የሚያፈስ ሞዞ ደግሞ መንገድ ላይ ሳይሆን ጋራዥ መሆን ይገባዋል።

ምልክቶችና ትርጉማቸው

የዘይት መፍሰስ በሦስት አቅጣጫ ሊከሰት ይችላል። የመጀመሪያው በክዳኑ ዙሪያ የሚታየው ሲሆን፣ ምክንያቱም የላሉ ቡሎኖች ወይም የተጎዳ ጓርኒሲዮን ነው። በዚህ ጊዜ ዘይቱ በጎማው መሽከርከር ተገፍቶ ከመሐል ወደ ዳር በቸርኬው የውጭ ገጽ ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል። ሁለተኛው በመስኮቱ ወይም በመካከለኛው መክደኛ በኩል የሚከሰተው ነው። እነዚህ ሁለቱ በቀላሉ የሚታዩና በአነስተኛ ወጪ የሚስተካከሉ ናቸው።

ሦስተኛውና አሳሳቢው በውስጥ በኩል ያለው የዘይት መከላከያ ሲበላሽ የሚከሰተው ነው። ዘይቱ በዚህ በኩል ሲወጣ ከፊት ለፊት የቆመ ሰው አያየውም። ምልክቱ የሚገኘው በቸርኬው የውስጥ ገጽ፣ በውስጠኛው ጎማ ጎንና በፍሬኑ አካባቢ ነው። ዘይቱ የፍሬን ሸራውን ካራሰው ያ ጎማ የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ተሳቢውም በቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ሊጎተት ይችላል። በዘይት የራሰ የፍሬን ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ተመልሶ ሊገጠም አይገባም። ሸራው መለወጥ ያለበት ሲሆን፣ የፍሬኑ ኃይል በሁለቱም ጎን እኩል እንዲሆን በዚያው አክስል በሌላኛው ጫፍ ያለውም አብሮ ይለወጣል።

መከላከያው የሚበላሸው በዕድሜ ብቻ አይደለም። በክዳኑ መካከል ያለው መክደኛ ሞዞው ሲሞቅ የሚፈጠረውን ግፊት የሚያስወጣ ጠባብ መተንፈሻ አለው። መተንፈሻው በጭቃ ወይም በቀለም ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ፍለጋ ዘይቱን በመከላከያው በኩል ይገፋዋል። አዲስ መከላከያ በተደጋጋሚ የሚያበላሽ ሞዞ ሲያጋጥም መተንፈሻውን፣ የኩሽኔቱን ልቅነትና መከላከያው የሚያርፍበትን የአክስል ገጽ መመርመር ያስፈልጋል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ዕቃውን ብቻ ደጋግሞ መለወጥ ወጪን ከማብዛት በስተቀር ችግሩን አይፈታም።

የዘይቱ መልክም ራሱን የቻለ መረጃ ይሰጣል። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ መግባቱን ያመለክታል። ውኃ የሚገባው በክረምት የሞላ ወንዝ ወይም የተኛ ጎርፍ በሚሻገርበት ጊዜ፣ መክደኛው ከጠፋ፣ እንዲሁም በላቫጆ በከፍተኛ ግፊት የሚለቀቅ ውኃ በቀጥታ በመከላከያው ላይ ሲያርፍ ነው። በተለይ የጋለ ሞዞ በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ውኃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ውኃ የገባበትን ዘይት መለወጥ ብቻውን በቂ አይደለም። ሞዞው ተከፍቶ ኩሽኔቶቹ ዝገት እንዳላቸው መታየት አለባቸው።

የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት ከመጠን ያለፈ ሙቀት መኖሩን ያሳያል። በዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ስብርባሪ ከታየ ኩሽኔቱ መላጥ መጀመሩን ስለሚያመለክት ተሽከርካሪው ሳይውል ሳያድር ከሥራ መውጣት አለበት። በሌላ በኩል ሞዞው ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ዘይት ሞልቶ ጉዞ መቀጠል ትልቅ ስሕተት ነው። ያለ ዘይት የሠራ ኩሽኔት ጉዳቱ በውጭ አይታይም፤ ስለዚህ ሳይፈታና ሳይመረመር ለጭነት ሊሰማራ አይገባም።

ለረጅም ጊዜ የቆሙ ተሳቢዎችም የተለየ ትኩረት ይሻሉ። በወደብ ወረፋ በመጠበቅ፣ በመለዋወጫ እጥረት ወይም በአስተዳደራዊ ምክንያት በግቢ ውስጥ ለወራት የቆመ ተሳቢ በሞዞው ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ታች ይወርዳል። የላይኛዎቹ ሮለሮች ያለ ዘይት ስለሚቀሩ በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ይዝጋሉ። መስኮቱ የተሟላ ዘይት ቢያሳይም ዝገቱ ተሳቢው ወደ ሥራ ሲመለስ ኩሽኔቱን ይበላዋል። የቆሙ ተሳቢዎችን በየጊዜው ጥቂት ርቀት ማንቀሳቀስ ወይም ጎማዎቻቸውን አንሥቶ ማሽከርከር ይህን ጉዳት ይቀንሳል።

የጋለ ሞዞ ሲያጋጥም

በጉዞ መካከል በሚደረግ ዕረፍት የሞዞዎችን ሙቀት ማነጻጸር ሌላው ጠቃሚ ዘዴ ነው። ሥራው ያለ ንክኪ ሙቀት በሚለካ መሣሪያ ቢከናወን ይመረጣል። መሣሪያው ከሌለ የእጅን ጀርባ ወደ ሞዞው አቅርቦ ሙቀቱን መገመት ይቻላል፤ የጋለ ብረት ስለሚያቃጥል ግን በመዳፍ መንካት አይገባም። ዋናው ነገር የአንዱ ሞዞ ሙቀት ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ያለው ልዩነት ነው። ከቁልቁለት የወረዱ ጎማዎች ሁሉ መሞቃቸው የተለመደ ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ እጅግ ከጋለ ግን ችግር አለ ማለት ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ሙቀቱ ከፍሬን ነው ወይስ ከኩሽኔት የሚለው ነው። ታምቡሩ ከሞዞው መሐል ይልቅ የጋለ ከሆነ በአብዛኛው ያልለቀቀ ፍሬን መኖሩን ያመለክታል። የሞዞው መሐልና ክዳኑ ከታምቡሩ ይልቅ ከጋሉ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ኩሽኔቱ ያመዝናል። የሚያፏጭ ወይም የሚፈጭ ድምፅ፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታና ጭስ ከታከለበት ጉዳዩ ወደ አስጊ ደረጃ ደርሷል።

በዚህ ጊዜ "እስከሚቀጥለው ከተማ ይድረስ" የሚለው ውሳኔ ብዙ ጊዜ ለአደጋ መነሻ ይሆናል። ሹፌሩ ከደረቅ ሣርና ከሰው መኖሪያ ራቅ ባለ ቦታ ማቆም፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት ማድረግና ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። የጋለ ሞዞን ክዳን ወዲያውኑ መክፈት የሞቀ ዘይት በግፊት እንዲረጭ ስለሚያደርግ አደገኛ ነው። እሳት ከተነሣ ደግሞ ጎማው ሊፈነዳ ስለሚችል ማንም ሰው በጎማው ትይዩ መቆም የለበትም። በማጥፊያ የጠፋ የጎማ እሳት ብረቱ እስካልቀዘቀዘ ድረስ ተመልሶ ሊቀጣጠል እንደሚችልም መታወቅ ይኖርበታል። ተሳቢው የጫነው ነዳጅ ከሆነ የእያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ኩሽኔቱ ተቃጥሎ የተሰባበረ እንደሆነ ሞዞውን በአክስሉ ላይ የሚይዘው ነገር ይዳከማል። በመጨረሻም ጎማው ከነሞዞው ከአክስሉ ይወጣል። አንድ የከባድ ተሽከርካሪ ጎማ ከነቸርኬው 100 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ በአክስል ጫፍ ላይ የሚታሰሩት ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሚጓዝ ተሳቢ የተነቀለ ጎማ በመንገዱ ዳር ለሚሄድ እግረኛ ወይም ከፊት ለሚመጣ አነስተኛ ተሽከርካሪ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ጥገናው በአግባቡ ሲከናወን

የሞዞ ጥገና ንጽሕናና ልክ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ተሳቢው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጠንካራ ድጋፍ ላይ መቀመጥ፣ ቀሪዎቹ ጎማዎችም በታኮ መያዝ አለባቸው። በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ባለ ተሳቢ ሥር መግባት ፈጽሞ አይፈቀድም። ጎማው ሲሽከረከር የሚሰማ ድምፅ መኖሩ ይታያል፤ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ልቅነት ከተሰማ ልቅነቱ በመለኪያ መረጋገጥ አለበት።

ሞዞው ሲፈታ አሮጌው የዘይት መከላከያ ተመልሶ አይገጠምም። አዲሱ መከላከያ በመዶሻ እየተደበደበ ሳይሆን ለሥራው በተዘጋጀ መግጠሚያ እኩል ተገፍቶ መግባት አለበት። በትንሹ የተጣመመ መከላከያ ከጋራዥ ሳይወጣ ማፍሰስ ይጀምራል። ኩሽኔቶቹ ታጥበው ከደረቁ በኋላ የተላጠ፣ የዛገ፣ ወይም ከሙቀት የተነሣ ወደ ሰማያዊነት የተለወጠ ገጽ ከታየባቸው ይለወጣሉ። የኩሽኔቱ የውስጥና የውጭ ክፍሎች አብረው የሚለወጡ ሲሆን፣ አዲሱን ሮለር ባረጀ የውጭ ቀለበት ላይ መግጠም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። በዘይት በሚሠራ ሞዞ ውስጥ ኩሽኔቱ ሲገጠም የሚቀባው ያው ዘይት ነው። በግራሶ መጠቅጠቅ ዘይቱ እንዳይዘዋወር ሊያግደው ይችላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የኩሽኔቱ ዳዶ አጠባበቅ ነው። በግምት የጠበቀ ዳዶ ኩሽኔቱን ያቃጥላል፤ በግምት የላላ ደግሞ ጎማውን እያወዛወዘ መከላከያውን ይበላል። ማስተካከያ ለሚፈልጉ ሞዞዎች በአሜሪካ የጭነት ተሽከርካሪዎች ማኅበር የቴክኖሎጂና የጥገና ምክር ቤት የተዘጋጀውና በስፋት የሚሠራበት ሥርዓት አለ። በዚህ መሠረት ጎማው እየተሽከረከረ ዳዶው በመጀመሪያ እስከ 271 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ይላላል፤ እንደገና ጎማው እየተሽከረከረ እስከ 68 ኒውተን ሜትር ከጠበቀ በኋላ በጥርሱ ዓይነት በተወሰነው የዙር ክፍልፋይ ተላልቶ ይቆለፋል። በመጨረሻ የሞዞው የወደ ውስጥና የወደ ውጭ እንቅስቃሴ በመለኪያ ሲታይ ከ0.025 እስከ 0.127 ሚሊ ሜትር መሆን ይኖርበታል። ይህ መጠን በዓይን ወይም በእጅ የሚለይ ባለመሆኑ መለኪያ የሌለው ጋራዥ ሥራውን አጠናቅቄአለሁ ሊል አይችልም። ልኩ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሞዞ ግን የራሱ መመሪያ ስላለው የአምራቹን መጽሐፍ መከተል ግዴታ ነው።

የዘይት ለውጥን በተመለከተ የአምራቹ መመሪያ ቀዳሚ ሆኖ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በ160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው መለወጥ የተለመደ ነው። በሙቀት፣ በአቧራና በጎርፍ ውስጥ ለሚሠሩ ተሳቢዎች ጊዜውን ማሳጠር ይመከራል።

ከሌሎች አገሮች ተሞክሮ

የጎማ መነቀል አደጋ የአንድ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ልዩ የምርመራ ሪፖርት በመካከለኛና በከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ በዚያች አገር በየዓመቱ ከ750 እስከ 1,050 የሚደርሱ የጎማ መነቀል ክስተቶች እንደሚያጋጥሙ ገምቷል። በዋና ምክንያትነት የተጠቀሱትም በአግባቡ ያልጠበቁ የጎማ ማሰሪያዎችና የኩሽኔት ብልሽት ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከጥገና ጉድለት የሚመነጩ ናቸው።

በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከጭነት ተሽከርካሪዎች የተነቀሉ ጎማዎች የሰው ሕይወት ማጥፋታቸውን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1997 ጠንካራ ሕግ ወጥቷል። በሕጉ መሠረት ከንግድ ተሽከርካሪ ላይ ጎማ ከተነቀለ የተሽከርካሪው ባለንብረት እስከ 50,000 የካናዳ ዶላር ሊቀጣ የሚችል ሲሆን፣ "የሚገባውን ጥንቃቄ አድርጌ ነበር" የሚለው መከላከያ ተቀባይነት አይኖረውም። በሰሜን አሜሪካ የመንገድ ላይ ቁጥጥር መስፈርትም የሞዞ ክዳኑ የጠፋ ወይም በኩሽኔት ብልሽት የሚጨስ ሞዞ ያለው ተሽከርካሪ በተገኘበት ቦታ ከጉዞ ይታገዳል።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚወሰደው ትምህርት ተጠያቂነቱ በሹፌሩ ወይም በመካኒኩ ላይ ብቻ የሚያበቃ አለመሆኑ ነው። ተሽከርካሪውን የሚያሰማራው አካል የጥገና ሥርዓቱን የማደራጀት ኃላፊነት አለበት።

የኃላፊዎች ድርሻ

በኢትዮጵያ ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ እንደሚደረግላቸው ይታወቃል። ይሁንና ዓመታዊ ምርመራ የሚያሳየው የአንድ ቀንን ሁኔታ ነው። ዛሬ ምርመራውን ያለፈ ሞዞ በሚቀጥለው ሳምንት ማፍሰስ ሊጀምር ስለሚችል፣ በሁለት ምርመራዎች መካከል ያለውን ጊዜ መሸፈን የሚችለው የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ክትትል ብቻ ነው።

ከዚህ አኳያ የስምሪት፣ የጥገና፣ የግዥና የፋይናንስ ክፍሎች ተቀናጅተው መሥራት ይጠበቅባቸዋል። ለምሳሌ አንድ ሹፌር በግራ በኩል ያለው የኋላ ሞዞ ዘይት እየቀነሰ መሆኑን ቢያመለክት፣ የጥገና ክፍሉ የዘይት መከላከያ እንዲገዛ ቢጠይቅና ጥያቄው በግዥ ሂደት ውስጥ ለሳምንታት ቢቆይ፣ ስምሪት ክፍሉ ደግሞ ማዳበሪያው መድረስ አለበት በሚል ተሳቢውን ቢያሰማራ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሥራ እንደሠራ ሊቆጥር ይችላል። ውጤቱ ግን በበረሃ መንገድ ላይ የተቃጠለ ተሳቢ፣ ለዘር ወቅት ያልደረሰ ማዳበሪያና ምናልባትም የጠፋ ሕይወት ይሆናል። በአንጻሩ የተሳቢው አንድ ቀን ከሥራ መቆም የአንድ ቀን ወጪ ብቻ ነው።

በመሆኑም ተሳቢ የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች የሚከተሉትን ተግባራዊ ቢያደርጉ ውጤታማ ይሆናሉ። በቅድሚያ በየተሳቢው ለእያንዳንዱ ሞዞ የተጨመረው ዘይት መጠንና ቀን የሚመዘገብበት ቅጽ ሊኖር ይገባል። አንድ ሞዞ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ዘይት ከተጨመረለት ተሳቢው ያለ ተጨማሪ ውሳኔ ወደ ጋራዥ እንዲገባ የሚያዝ ደንብ ማውጣትም ተገቢ ነው። የዘይት መከላከያ፣ ጓርኒሲዮን፣ የሞዞ ክዳንና ኩሽኔት በተሳቢዎቹ ዓይነት ልክ አስቀድመው በመጋዘን ሊገኙ ይገባል። እነዚህን ዕቃዎች ብልሽት ከደረሰ በኋላ በጨረታ መፈለግ ተሽከርካሪውን ማቆም ወይም በብልሽት ማሰማራት ከሚል አስቸጋሪ ምርጫ ላይ ይጥላል። በግዥ ወቅትም ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ መመዘኛ ሆኖ ልኩን ያልጠበቀ መከላከያ እንዳይገባ የጥገና ባለሙያው አስተያየት ሊካተት ይገባል።

ሌላው ወሳኝ ጉዳይ ሹፌሩ የጋለ ወይም የሚያፈስ ሞዞ ሲያጋጥመው ተሽከርካሪውን የማቆም ሥልጣን በጽሑፍ እንዲሰጠው ማድረግ ነው። በመዘግየቱ የሚቀጣ ሹፌር ጭስ እያየ ይነዳል። አቁሞ በማሳወቁ የሚመሰገን ሹፌር ግን የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ የደኅንነት ዘብ ይሆናል። ለሹፌሮች፣ ለረዳቶችና ለመካኒኮች የሚሰጠው ሥልጠናም የሞዞ መስኮትን ማንበብን፣ የፍሳሽን አቅጣጫ መለየትንና የሙቀት ንጽጽርን በተግባር የሚያካትት ሊሆን ይገባል።

ባጠቃላይ በዘይት የሚሠራ ሞዞ ብልሽቱን አስቀድሞ የሚናገር አካል ነው። መጀመሪያ በመስኮቱ፣ ቀጥሎ በቸርኬው ላይ በሚታይ ዘይት፣ በመጨረሻም በሙቀትና በጭስ ይናገራል። በመጀመሪያው ምልክት የሚወሰድ እርምጃ አንድ የዘይት መከላከያና የጥቂት ሰዓታት ሥራ የሚጠይቅ ሲሆን፣ እስከ መጨረሻው ምልክት የሚቆይ መሥሪያ ቤት ግን በገንዘብ የማይተመን ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ስለሆነም የሚመለከታቸው ኃላፊዎችና ሠራተኞች ሁሉ በየግቢያቸው የሚገኙትን ተሳቢዎች ሞዞ ከዛሬ ጀምሮ በመመርመር፣ የተገኘውን በመመዝገብና ፈጣን ውሳኔ በመስጠት የወገንን ሕይወትና የአገርን ሀብት ከጥፋት የመታደግ ኃላፊነታቸውን ሊወጡ ይገባል።